እርጥበት ነው ወይስ ጋዝ

የጋዝ መለኪያው መሣሪያ እንደገና ጮኸ። ጋረደው ከመጋዘኑ በር ፊት እንደ ቆመ ነው፤ ዞር ብሎም አላየው።

ኢንቲሳር ጎንበስ ብላ የመሣሪያውን ሳጥን ከደጃፉ አነሣች። ወላጆቿ ከመተማ ድንበር ተሻግረው የተሰደዱ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። መሣሪያውን የሠራችው ራሷ ናት።

"ወላሂ፣ ጋሽ ጋረደው፣ ለመግባት ገና ነው" አለች።

የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ዩኑስ ሰዓቱን አየ። "በሩ ከንጋት ጀምሮ ክፍት ነው። የነቀዙ መድኃኒት ጋዝ ወጥቶ አልቋል። ይሄ የሚጮኸው ለዝናቡ ነው። እርጥበት ያሳስተዋል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ብያለሁ። ውስጡ የተቀባው ዚንክ ኦክሳይድ ነው፤ በዓይን የማይታይ ደቃቅ። ጋዝ ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይለወጣል። እርጥበት ሲነካውም ይለወጣል። ለዚህ ነው እርጥበቱን ብቻ የሚለካ ሌላ መለኪያ ያሰርሁበት።"

"እና አሁን የትኛው ነው?"

ሁለቱ መለኪያዎች ያሳዩትን ቁጥሮች ደጋግማ አስተያየች። "አላውቅም" አለች።

"ኸላስ፣ በቃ!" ዩኑስ ወደ ጋረደው ዞረ። "የተሸካሚዎቹ አለቃ አንተ ነህ። አስገባቸው። ሎሪው ዛሬ መውጣት አለበት።"

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት የጋረደው ታናሽ ወንድም እንግዳው በዚሁ በር ገብቶ፣ የማሽላ ጆንያ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ጋረደው ተሸክሞ አወጣው፤ ቀበረው፤ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባ። አላለቀሰም። የሚበላው አይጣፍጠው፣ አይመረው። ለጠየቀው ሁሉ "ሳይነግረኝ ገብቶ ነው" ይላል፤ ሲለውም ድምፁ የሌላ ሰው ይመስለዋል።

"አሽትተው እንጂ!" አለ ዩኑስ። "ሽታ አለው?"

ጋረደው አፍንጫውን ወደ በሩ አስጠጋ። የማሽላ ጠረን ብቻ። ያን ዕለትም እንዲሁ ነበር።

ከዚያ ሎሪው አጠገብ ተኮልኩለው ወደሚጠብቁት ተሸካሚዎች ሄደ።

"ወደ ቤታችሁ ሂዱ፤ ዛሬ አትገቡም።"

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ካሣ ቀና አለ። "ዩኑስ ጋዝ የለም ይል የለም እንዴ?"

"እኔም ብዬ ነበር" አለ ጋረደው። "እንግዳው 'ልግባ ወይ?' ብሎ ጠይቆኛል። አሽትቼ 'ግባ' ያልሁት እኔ ነኝ።"