ነጭ የወጣላት «አላገባውም» ትበል

ረባብ የዕድል ሒሳብ የሚባለውን ትምህርት ከጥርስ ሕመም ለይታ አታየውም ነበር። ሶሲዮሎጂው ይሁን፤ የሰው ወሬ ነው፣ ግብፅ፣ ታንታ ከተማ ተወልዶ የሰው ወሬ የሚጠላ ማን አለ? ኢኮኖሚክሱንም ቢሆን እናቷ ገበያ ስትከራከር እያየች ስላደገች ግማሹን ከቤቷ ይዛው ነው ዩኒቨርሲቲ የገባችው። ያ የዕድል ሒሳብ ግን ገና ሲጀምር «አንድ ከረጢት ውስጥ ነጭና ቀይ ኳሶች አሉ» ይላል። «በዚህ አገር ከረጢት ሙሉ ኳስ ተሸክሞ የሚዞር ማነው?» እያለች ስታሾፍ ከርማ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ወደቀች።

አባቷ ፈርጋሊ ብረት በያጅ ነው፤ እንደ እጅ ባለሙያ ወጉ «ኡስታ» ይሉታል። ያን ጊዜ አልጮኸባትም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «አንድ ጊዜ ማንም ይወድቃል። ዘንድሮ ከደገምሽው ግን ዩኒቨርሲቲ የሚባል የለም፤ አጎትሽ ስፌት ቤት ወንበር ተቀምጦልሻል» አላት። የኡስታ ፈርጋሊ ቃል ደግሞ እንደ ብየዳው ነው፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም።

ታዲያ የዘንድሮው ማለፍ አንድ ሥራ ላይ ተንጠለጠለ። የስታትስቲክስ አስተማሪዋ ዶክተር ሱኸይር «የሰፈራችሁን ሴቶች ስለ ትዳራቸው ጠይቁና ምን ያህሏ ምን እንደምትል አስልታችሁ አምጡልኝ» አለች። ረባብ ጥያቄዋን አሳመረች፦ ዳግም ልጃገረድ ብትሆኚ ይኼንኑ ባልሽን ታገቢዋለሽ? ከዚያ ዕጣ ጣለችና አርባ ሴት አወጣች። ይባስ ብሎ የገዛ እናቷ የታሂያ ስም አብሮ ወጣ።

ጥፋቷ ኡም ሸውቂን አስከትላ መዞሯ ነው። ኡም ሸውቂ ምድር ቤት የምትኖር ጎረቤታቸው ናት፤ ሰፈር ውስጥ ሽንኩርት ካረረ ከባለቤቷ በፊት የምታውቅ። «አንቺን ማን ያውቅሻል፣ እኔ በሩን ላስከፍትልሽ» አለችና ተከተለቻት። እውነትም በሩ ሁሉ ተከፈተ። አፍ ነው ያልተከፈተው። አንዷን አማቷ ከሶፋው ላይ ታያታለች፤ ሌላዋ ባሏ አጠገቧ ሻይ ይጠጣል፤ ሁሏም ደግሞ ኡም ሸውቂን በጎን እያየች «አገባዋለሁ እንጂ! አልሐምዱሊላህ! አሥር ጊዜ!» ትላለች። ትናንት ባሏን በነጠላ ጫማ ስታሯሩጠው መንገደኛ ሁሉ ያያት ኢዕቲማድ እንኳ «የዓይኔ ብርሃን እኮ ነው» አለች። ታሂያም ባሏ ሳሎን ቁጭ ብሎ እየሰማት፣ ከማድ ቤት «ሌላ ማንን ላገባ ነው?» ብላ ጮኸች።

ዶክተር ሱኸይር ወረቀቱን አገላበጠችው።

«አርባ ሴት፣ አርባውም አዎ። ልጄ፣ ሰው ነው የጠየቅሽው ወይስ መላእክት?»

«ሰፈራችን ጥሩ ሰፈር ነው ዶክተር።»

«እኔም ሰፈር ነው ያደግሁት። ሰው የሚመልሰው ለሚሰማው ጆሮ ነው። መጀመሪያ መደበቂያ ስጫቸው። አምና ከረጢቱን ስናስተምር ተኝተሽ ነበር መሰለኝ። እስከ ሐሙስ ካላመጣሽ ወድቀሻል።»

ረባብ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ሽምብራ ቆሎ በሚሸጥበት መንገድ ወደ ቤቷ ስትሄድ ሁለት ክምር አየች፤ አንዱ ስኳር የለበሰ ነጭ፣ አንዱ እንዲሁ የተቆላ ቢጫ። ቆም አለች። ከረጢት። ነጭና ቀይ። «ደንቆሮ!» አለች ለራሷ፣ ሻጩ እሱን መስሎት ቀና እስኪል።

ከሁለቱም እኩል ቆጥራ በጨርቅ ከረጢት አደረገችና ሴቶቹ ዘንድ ተመለሰች።

«እጅሽን ክተቺና አንድ ፍሬ አውጪ፣ ለማንም አታሳዪ። ነጭ ከወጣልሽ ባልሽን እንደ ነፍስሽ ብትወጂውም ‹አላገባውም› በይ። ቢጫ ከወጣልሽ እውነቱን ተናገሪ። ከዚያ ፍሬውን ብዪው።»

«‹አላገባውም› ካልኩስ?» አለች ኢዕቲማድ።

«አንቺ ትሁኚ ሽምብራው ይሁን፣ ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም።»

«አላህስ?»

«እሱ ድሮም ያውቃል አክስቴ።»

ግን ኡም ሸውቂን ማን ያሞኛታል? ኢዕቲማድ «አላገባውም» ብላ ፍሬውን ከመቆርጠሟ፣ ኡም ሸውቂ አገጯን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረቻት። «ከንፈሯ ላይ ስኳር የለም! ቢጫ ነው! እውነቷን ነው!»

ያ ቀን ከሰረ። በማግስቱ ረባብ ብቻዋን ወጣች፤ ኡም ሸውቂን ደረጃ ላይ ትታ። ሕጉንም ቀየረች፦ አይበላም፣ ታይቶ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል። «እንዴ፣ ሽምብራውንም ከለከልሽን?» ብለው አጉረመረሙ። ግን ሲጀምሩት ጣማቸው። ኢዕቲማድ «አላገባውም!» ስትል እንደ ሠርግ ዘፈን ጎተተችው። አንዲት አሮጊት ሦስቴ አለችና «እኔ አይደለሁም፣ ሽምብራው ነው» ብላ ሳቀች። ፊት ለፊት ቤት ያለችው፣ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቀው ሴትዮ ደግሞ ቀስ ብላ «አላገባውም» አለች፤ ቃሉን እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ትንሽ አቆየችው።

መጨረሻ ላይ የእናቷ ተራ ደረሰ። ታሂያ እጇን ከተተች፣ አየች፣ መለሰች።

«አላገባውም።»

የረባብ እስክሪብቶ ቆመ።

«ምን ታፈጪብኛለሽ? ጻፊ እንጂ። ነጭ ይሆናላ። ወይ ቢጫ።»

ረባብ ጻፈች። ማንም እንዳያውቅ አድርጋ የሠራችው እሷው ራሷ ናት፤ አሁን ደግሞ ማወቅ አንገበገባት።

ሲደመር ከአርባዋ ሃያ ዘጠኟ «አላገባውም» ብላለች። ሃያ ያህሏን ሽምብራው ነው ያስባላት፤ እነሱን ትተሽ፣ ከቀሩት ሃያ ሴቶች ውስጥ ዘጠኟ የልቧን ተናግራለች ማለት ነው። ግማሽ ሊሞላ ምን ቀረው? ረባብ ይህን ለእናቷ ስታስረዳ ኡም ሸውቂ ደረጃው ላይ ነበረች። ከቀትር ሶላት በፊት ከተማው ሁሉ «የሰፈሩ ግማሽ ሴት ባሏን አትፈልግም!» አለ። ቡና ቤት የተቀመጡ ወንዶች እርስ በርስ ተያዩ፤ «ያንተዋ ናት፣ የኔዋ አይደለችም» የሚል ዓይን።

ሐሙስ ጠዋት ረባብ ልትወጣ ስትል ኡስታ ፈርጋሊ ወረቀቶቿ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«እናትሽ ምን አለች?»

«አይነገርም አባዬ።»

«ባሏ አይደለሁም እንዴ!»

«ለዚያ እኮ ነው የማይነገረው።»

«እንግዲያው ይኼ ወረቀት ከዚህ ቤት አይወጣም። ስፌት ቤቱን መንገዱን ታውቂዋለሽ።»

‹አገባዋለሁ ብላለች› ብትል ያበቃል። አንዲት ቃል ናት፤ ምላሷ ጫፍ ደርሳ ነበር። ግን ያቺ ድምጽ የሌላት ሴትዮ ከረጢቱን አምናው እጇን ስትከት ትዝ አለቻት፤ አፏን ዘጋች።

ታሂያ ሙሉኺያ የሚባለውን የወጥ ቅጠል የምትከትፍበትን ስለት እንደያዘች ከማድ ቤት ብቅ አለች። «ልጅቷን ልቀቃት። አላገባውም ብያለሁ።»

የኡስታ ፈርጋሊ ፊት አመድ መሰለ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ኖረን?»

«ሽምብራው ይሆናል።»

«ይሆናል? ምን ማለት ነው ይሆናል?»

«ና፣ አንተም እጅህን ክተት። ስለ እኔ መልስ።»

ሰውየው ከረጢቱን እንደ እባብ ጉድጓድ አየው። ከተተ። አወጣ፣ በመዳፉ ሸፍኖ አየ፣ መለሰ። ሕግ ሕግ ነው።

«አላገባትም» አለ። ወዲያው ብድግ አለ። «ነጭ ነው! ወላሂ ነጭ ነው ታሂያ!»

«መልሰህ ከተኸዋል እኮ።»

«ረባብ፣ ንገሪያት! ነጭ ነው!»

«አላየሁም አባዬ። ማየትም የለብኝም።»

ታሂያ ሳቋን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ስለቱ ሙሉኺያው ላይ ጣጣጣ ማለት ጀመረ። ኡስታ ፈርጋሊ ወረቀቶቹን አነሳና በእጁ ጫፍ አቀበላት።

«እሺ፣ የእሷ የልቧ በምን ይታወቃል?»

«በእኔ ትምህርት አይታወቅም። እኔ የማውቀው የሁሉንም በጅምላ ነው። የአንዷን ለማወቅ ራሷን አጠገቧ ተቀምጦ መጠየቅ ነው። ሳትቆጣ።»

ሰውየው መስኮቱን አየ፣ ጫማውን አየ። ከዚያ የሳሎኑን ወንበር አንስቶ ወደ ማድ ቤት ይዞት ገባና በሩን ዘጋ።

ዶክተር ሱኸይር ወረቀቱን ስታነብ የከንፈሩ ስኳር ታሪክ ጋ ስትደርስ እስክታነባ ሳቀች፤ ከዚያ ቁጥሩን ደግማ ራሷ አስልታ «አልፈሻል» አለቻት።

ረባብ ደረጃውን እየሮጠች ስትወጣ ኡም ሸውቂ በራቸው ላይ ተለጥፋለች።

«አለፍኩ አክስቴ! አለፍኩ!»

«እሱን ማን ጠየቀሽ! ከሄድሽ ጀምሮ አልወጡም። መክተፉም ቆሟል። ሻይ እንኳ አልጠየቀም። ጆሮዬ እስኪግል ሰማሁ፣ አንዲት ቃል የለም፤ ሲንሾካሾኩ ብቻ! ፈርጋሊ መንሾካሾክ ይችላል እንዴ?»

ረባብ ቁልፏን አወጣች። አሰበችና መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ለኡም ሸውቂም ቦታ ለቀቀችላት።

«ቁጭ በይ አክስቴ። ይኼኛውን አንቆጥረውም።»