በወንድሙ ልክ የተሠራ ቤት

ሰፈሩ ሁሉ በግንበኞች የግድግዳ ማቅኛ ስም «ቱንቢ» ይለዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳ ቢያቆም እንኳ አያዘምም ስለሚባል ነው። እውነቱን ለመናገር በግንብ ሥራ የሚደርስበት አልነበረም። እሱን ራሱን የሚያዘምመው ግን አንድ ሰው ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ። ታናሽየው መምህር ነው፤ ጨዋ ነው፤ ማንንም በክፉ አያነሳም። ቱንቢን የሚያበሽቀውም ይኸው ነው። ጥፋት ባለበት ሰው መቅናት ቀላል ነው፤ ጥፋት በሌለበት ሰው መቅናት ግን እረፍት የሌለው ሥራ ነው።

ወንድማማቾቹ አንድ መንገድ መሃላቸው የሚያልፍ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቦታዎች ነበሯቸው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ እናታቸው በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። ቤታችሁን ስትጨርሱ ካንዳችሁ ጋር እገባለሁ ብላቸዋለች። ቱንቢ በሆዱ ከወሰነ ቆይቷል፤ የምትገባው እሱ ጋ ነው። ታላቁ ማን ሆነና?

መጀመሪያ የተሠራው የመምህሩ ቤት ነው። የሠራውም ራሱ ቱንቢ ነው። ለወንድሙ ሲሆን በነፃ ይሠራል ብላችሁ እንዳትገምቱ፤ ዋጋ ቀንሶለታል፣ መቀነሱንም በየሳምንቱ አስታውሶታል። መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ግን መምህሩ አንዲት ባለሙያ ይዞ መጣ። ሥራዋ ገና በወረቀት ላይ ያለን ቤት አይታ፣ ፀሐይ በየት እንደምትገባበት፣ የትኛው ግድግዳ ሙቀት እንደሚያጠራቅም፣ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ምን ያህል መብራት እንደሚበላ መገምገም ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ይመክራል እንጂ አያስገድድም። ቱንቢ ክፍያዋን ሲሰማ ሳቀ፤ በዚህ ገንዘብ የአንድ ክፍል ጣሪያ ይመታል አለ። እሷም ሁለቱን ቤቶች አንድ ላይ ብትገመግም ዋጋው በእጅጉ እንደሚቀንስ ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ ያንተንም እኔ ልክፈል» አለ መምህሩ።

ይህች ቃል ቱንቢን እንደ ጥፊ አገኘችው። ከታናሹ ኪስ ሊቀበል?

«ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ለማወቅ ገንዘብ አላወጣም» አለ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተ ወረቀትህን ያዝ።»

ባለሙያዋ በፕላኑ ላይ ወደ መንገዱ የሚያየውን የሳሎን መስኮት አሰፋች፤ የጓሮውን አጠበበች። ቱንቢ እያጉረመረመ እንዳለችው ሠራው። ቤቱ ሲያልቅ ሳሎኑ ጠዋት ብርሃን የሚሞላው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ ዛፍ ጥላ የሚቀዘቅዝ ሆነ። ጎረቤት እየገባ ያደንቃል። ግንበኛውን የሚያነሳ ግን የለም፤ ሁሉም ስለዚያች ባለሙያ ነው የሚያወራው። የቱንቢ አንጀት አረረ። አንድ ቀን ብቅ ሲል እናቱን እዚያው ሶፋ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት አገኛት። ያን ዕለት እራት አልበላም።

ተራው ደርሶ የራሱን ቤት ሲጀምር ባለሙያዋን አልጠራም። ለምን ይጠራታል? የወንድሙን ቤት እጁ ድንጋይ በድንጋይ ያውቀዋል፤ ያቺ ውድ ግምገማ በነፃ እጁ ገብታለች ማለት ነው። ያንኑ ቤት ደግሞ ሠራው፤ የፊቱን መስኮት ብቻ ከወንድሙ በሁለት ክንድ አሰፋው። ሚስቱ ይህ ሁሉ ስፋት ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው ብርሃን ጤና ነው አላት። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ታናሽየው በሩን በከፈተ ቁጥር እንዲያየው ነው።

እናቱ በክረምቱ ሁለቱንም ቤቶች አየችና እሱን መረጠች። ቱንቢ መሬት አልበቃው አለ። ሻንጣዋን ይዞ መንገዱን ሲሻገር፣ ወንድሙ በደንብ እንዲያይ ብሎ ሆን ብሎ አዘገመ። ወንድሙ ግን ፈገግ ብሎ ወጣና ሌላውን ሻንጣ ተሸከመለት። ደስታውን እንኳ በቅጡ አላስጨረሰውም።

በጋው ሲገባ ነገሩ ተገለጠ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከወንድሙ ጣሪያ በላይ ሆና በዚያ ሰፊ መስኮት ትገባለች፤ እስክትጠልቅ አትወጣም። መጋረጃ ደረበ፣ ማቀዝቀዣ ገዛ፤ ቆጣሪው እየበረረ ሳሎኑ ምድጃ ሆኖ ቀረ። እናቱ አንድም ቀን አላማረረችም። ወንበሯን ከጥግ ወደ ጥግ እየጎተተች፣ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ደህና ነኝ ትላለች። ደም ግፊት እንዳለባት ግን ያውቃል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ወለሉ ላይ ተጋድማ አገኛት፤ ሲሚንቶው ይሻላል ብላ ነው። ቱንቢ ፈራ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ባለሙያዋን ጠራት። ወጥታ መንገዱን አየች፤ ገብታ መስኮቱን አየች። የወንድሙ ቤት ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጓል፤ እሱን ፊት ለፊት የሚያየው የቱንቢ ቤት ደግሞ ወደ ምዕራብ። እዚያ ማለዳን ያስገባ መስኮት እዚህ የከሰዓቱን እሳት ያስገባል።

«ከመሠራቱ በፊት ቢሆን በእርሳስ እናርመው ነበር» አለችው። «አሁን በመዶሻ ነው።»

የእሷ ክፍያ ያው የዱሮው ነበር። መስኮቱን ግማሽ በግማሽ በግንብ መዝጋትና ከፊቱ ጥላ ማውጣት ግን የክፍያዋን ብዙ እጥፍ ይፈጃል። ሥራው እስኪያልቅ ደግሞ እናቱ እዚህ ባትቆይ ይሻላል አለችው። ቱንቢ ዋጋውን ቆሞ ሰማ፤ የመጨረሻዋን ቃል ሲሰማ ግን ተቀመጠ።

እናቱ አልሄድም ብላ ስታስቸግር፣ ሻንጣዋን በአንድ እጁ፣ ክንዷን በሌላው ያዘና አወጣት። መንገዱ መሃል ስትደርስ ቆመች።

«እሱን ጠልቼ መሰለህ አንተ ጋ የገባሁት?» አለችው። «እሱ እኔ ኖርኩም አልኖርኩም ደህና ያድራል። የምሰጋው ላንተ ነው፣ ልጄ። ከልጅነትህ ጀምሮ እንደተቃጠልክ ነህ።»

ቱንቢ ክንዷን ሳይለቅ መንገዱን አሻገራት። መምህሩ በሩን ከፍቶ እናቱን ደግፎ አስገባት። ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ፊቷ ፈታ ሲል ቱንቢ ከደጅ ሆኖ አየ። ወንድሙ «ግባ እንጂ ጋሼ» አለው። እሱ ግን ሻንጣውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቀረ። በዚያች ሰዓት እንኳ ቀናበት፤ እናቱ የማትሰጋለት ልጅ በመሆኑ።