መምህር ዊሮት የተሳለው ዳንስ

መምህር ዊሮት ዕድሜውን ሙሉ በስለት ሲስቅ የኖረ ሰው ነው። በባንግ ፓኮንግ ወንዝ ዳር ያለው አሮጌ ቤተ መቅደስ ውስጥ ታላቁ አባት የሚባል በወርቅ የተለበጠ የቡድሃ ሐውልት አለ። ስለቱ የሰመረለት ሰው የተቀቀለ እንቁላል በትሪ ተሸክሞ ወደዚያ ሲሄድ ዊሮት ባየ ቁጥር፣ «ታላቁ አባት ኮሌስትሮል እንዳለባቸው ማን ይንገራችሁ?» ይላል። ፊዚክስ አስተምሮ ጡረታ ከወጣ ሰው ከዚህ ያነሰ ቀልድ አይጠበቅም፤ እሱም ከዚህ የተሻለ ቀልድ ተናግሮ አያውቅም።

ባለፈው የዝናብ ወራት ሚስቱ አምፋ ለልብ ቀዶ ጥገና ስትገባ ግን ያ ሁሉ ፊዚክስ ከሆስፒታሉ በር ውጪ ቀረ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ መዳፎቹን ገጠመና ለታላቁ አባት፣ «እሷን ይመልሱልኝ እንጂ ራሴ መጥቼ እደንስልዎታለሁ» ብሎ ተሳለ። እንቁላል ማለት ይችል ነበር። አበባም ማለት ይችል ነበር። ሕዝቡ እንቁላል የሚሳለው ሞኝ ስለሆነ ሳይሆን እንቁላል ከገበያ ስለሚገኝ መሆኑ የገባው ኋላ ነው።

አምፋ ድና ወጣች። ዊሮት ስለቱን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ዝናቡ አባራ፣ ማንጎው አበበ፣ እሱ ግን አልደነሰም። ከዚያ አምፋ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆም ማለት ጀመረች፤ ሐኪሙም ለሰኞ ለምርመራ ቀጠራት። ስለቱን ያልከፈለ ሰው የተሰጠውን መልሶ ይቀማል ይባላል። ዊሮት ይህን አያምንም። ባያምንም እንቅልፍ አጣ።

ቅዳሜ ጠዋት «ሚስማር ልግዛ» ብሎ ከቤት ወጣ። አምፋም እህቷ ጋ እንደምትሄድ ነግራው ስለነበር፣ ማንም አያየኝም ብሎ በጀልባ ወደ ቤተ መቅደሱ ተሻገረ።

ከሐውልቱ አዳራሽ ጎን፣ ወደ ወንዙ በሚያየው በረንዳ ላይ፣ ስለት ላለበት ሰው እየተከፈላቸው የሚደንሱ ሴቶች ይቀመጣሉ። አለቃቸው እትዬ ኩላብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆነው ራሳቸውን ያራግባሉ።

«ዳንሰኞች ፈልጌ ነበር፤ አጠር ላለው ዳንስ» አለ ዊሮት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማን ይደንሳል ብለው ነው የተሳሉት?»

ዊሮት ወንዙን አየ። «እኔ።»

«እንግዲያው እርስዎ ነዎት የሚደንሱት።»

«እትዬ፣ ታላቁ አባት እኮ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የተቀመጡት።»

«እርስዎ ግን አልጨፈኑም» አሉ እትዬ ኩላብ፣ ማራገባቸውን ሳያቆሙ።

ከዳንሰኞቹ አንዷ ብድግ አለች። «ቲቸር! ቲቸር ዊሮት አይደሉም እንዴ?»

ራትሪ ነበረች። ዊሮት በፊዚክስ ሁለት ጊዜ የጣላት ልጅ። መሬት ብትውጠው በወደደ፤ መሬቷ ግን ሲሚንቶ ነበረች። ራትሪ ዳንሰኞቹ የሚደፉትን የሚያብረቀርቅ ሹል ዘውድ አምጥታ ጭንቅላቱ ላይ ብታደርገው አልገባም።

«ራስዎ ትልቅ ነው ቲቸር።»

«እውቀት ነው።»

«ይሁን፣ በላስቲክ እናስረዋለን።» አጠገቡ ቆመች። «ጉልበት ዝቅ። ጣት ወደ ኋላ። ዝቅ አልኩ እኮ ቲቸር፣ አንዴ አስረድቻለሁ። ኋላ የተቀመጣችሁ፣ ገብቷችኋል?»

የራሱ የዊሮት ድምፅ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ይናገርበት የነበረው። ይህን ያህል እንደሚያስጠላ እስከዛሬ የነገረው ሰው የለም።

ከበሮው ተመታ። ሴቶቹ እጃቸውን እንደ ውሃ ሲያፈሱት፣ ዊሮት ትንኝ የሚያባርር ይመስል ነበር። ላብ አጠመቀው፤ ዘውዱ ወደ ጆሮው ተንሸራተተ። ሊሰግድ የመጣው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸዋል። የመጀመሪያው ዙር አልቆ ቀና ሲል፣ ከሰዉ መሃል አንዲት ሴት እንቁላል የሞላ ትሪ ይዛ ፈዛ ቆማለች። አምፋ ናት።

ቀስ ብላ ቀረበችው። «ሚስማሩን አገኘህ?»

«እህትሽስ ደህና ናት?»

ዘውዱን አየችው። «ለኔ የተሳልከው ነው?»

«ለማን ይሆናል ታዲያ።» ከዚያ አላስችል አለውና፣ «አንቺም ተስለሽ ነበር? ለአንድ ልብ ሁለት ጊዜ ልንከፍል ነዋ!» አለ።

«እኔ ስለ ልቤ አልተሳልኩም» አለች አምፋ። «ሲያስገቡኝ ፊትህን አየሁት። እኔ እዚያ ውስጥ ሳለሁ ይሄ ሰው አይፍራ፣ ብዬ ነው የተሳልኩት። ስነቃ ነርሷ እየሳቀች፣ ባልሽ ኮሪደሩ ላይ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ አስታማሚ ሁሉ ተቆጣው፣ አለችኝ። እንቁላሉ የዚያ ነው።»

ዊሮት እንቅልፍ የወሰደው እውነቱን ነው። ሚስቱ ቢላ ሥር ተኝታ እሱ ያንኮራፋ ነበር። ይህን ለማንም ሳይተነፍስ፣ ምን ዓይነት በሬ ነኝ እያለ ራሱን ሲራገም ከርሟል። አሁን የሚቀልደው ነገር ፈለገ፤ አጣ።

«ሰኞን ትፈሪያለሽ?» አላት።

«እፈራለሁ።»

«እኔም በጣም እፈራለሁ» አለ። እንዲህ ብሎ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። ዊሮት ተመልሶ ከሴቶቹ መሃል ቆመ። ለሐውልቱም ለስልኮቹም ጀርባውን ሰጠና ወደ አምፋ ዞረ፤ ጉልበቱን እስኪንቋቋ ዝቅ አደረገ፣ ዳሌውን ማንም ባላስተማረው አኳኋን አሽከረከረ። እትዬ ኩላብ ማራገባቸውን አቆሙ። አምፋ ትሪውን መሬት አስቀምጣ፣ ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ ታጥፋ ቀረች።

ዊሮት ክው አለ። እጆቹ አየር ላይ ቀሩ።

ቀና ስትል ስቃ ስቃ እንባዋ ፈሷል። «ምን ያስቆምሃል?» አለችው። «ፍርሃቱ እኮ እየለቀቀኝ ነበር።»