የማህደር የውኃ ድርሻ

ማህደር ሀርሺን ጤና ጣቢያ በአዋላጅነት ሰባት ዓመት ስትሠራ ከከተማው ሁሉ የወደደችው ቦታ የጎረቤቷ የወይዘሮ ቢሻሮ ቢርካ ነበር። ቢርካ ማለት መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተሠራ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ እንግዲህ ሰው የሚወደው ነገር አይደለም። በየዓመቱ በደረቁ ወራት መጨረሻ ውኃው ሲያልቅ ጎረቤት ሁሉ አካፋ ይዞ ይወርድና ደለሉን ይጠርጋል። ያልጠረገ ድርሻ የለውም።

ላይ ንፋሱ አቧራ ሲያስቅም ይውላል። ታች ግን ግድግዳው ይቀዘቅዛል፤ ሰማዩም አራት ማዕዘን ቁራጭ ሆኖ ይታያል። እናት ወይም ሕፃን በእጇ ላይ ባለፈ ቀን፣ ቢርካው ደርቆ ከሆነ፣ ማህደር እዚያ ወርዳ ትቀመጥ ነበር። ምን ሆንሽ የሚላት የለም። ትንሽ ስትቆይ ይቀላታል።

ዘንድሮ የዝውውር ደብዳቤዋ መጣ፤ ወደ ደሴ፣ እናቷ ዘንድ። ሦስት ጊዜ ያመለከተችው ራሷ ናት። ሲደርሳት ግን ኪሷ ከተተችው። ለቢሻሮ መንገር ዳገት ሆነባት። ሐሙስ ልትሄድ፣ ማክሰኞ አካፋዋን ይዛ ቢርካው ውስጥ ወረደች።

ቢሻሮ ከአፋፉ ላይ ቆመው አዩዋት።

“ሐሙስ ትሄጃለሽ አሉ” አሏት፣ ጅጅጋ ሲነግዱ በለመዱት አማርኛ።

“ማን ነገረዎት?”

“ዴቅ። ሾፌር ምስጢር አለው እንዴ?”

“ልነግርዎት ነበር፣ ኤዶ።” እንደ ሀገሩ ሰው አክስቴ ማለቷ ነው።

“መቼ? ደሴ ደርሰሽ?”

ማህደር አፈረች። ደለሉን መዛቅ ቀጠለች።

“አትጠጪውም። ለምን ትደክሚያለሽ?”

“እኔ የመጣሁት ቢርካው ሞልቶ ነው” አለች ቀና ሳትል። “አንድ አካፋ ሳላነሳ ውኃ ሰጡኝ። የማን ድርሻ ነበር?”

ቢሻሮ አሰብ አደረጉ። “የካፊያ። ካንቺ በፊት የነበረችው ነርስ። ጠርጋ ጠርጋ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ሄደች።”

“የእኔን ደግሞ ለምትመጣው ይስጧት።”

“ሰነፍ ብትሆንስ?”

“እኔስ? አካፋ በየት በኩል እንደሚያዝ አውቅ ነበር?”

ቢሻሮ ሳቁ። በመሰላሉ ቀስ ብለው ወረዱና አጠገቧ ቁጭ አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ እንደ ወትሮው ባዶ ነበር። የዴቅ መኪና በጅጅጋ መንገድ ላይ ሐርተሼክ ከተማን እንዳለፈ ግን የረጠበ አፈር የሚሸት ቀዝቃዛ ንፋስ በመስኮቱ ገባ። ማህደር መኪናውን አስቁማ ወረደች። በሀርሺን በኩል ሰማዩ ጠቁሮ እስከ መሬት ወርዷል። መጀመሪያ ቡናማው አረፋ፣ ቀጥሎ ውኃው የጠረገችውን የቢርካ ወለል ሲሸፍነው በሐሳቧ ታያት። እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም።

“ከፈለግሽ እንመለስና እዪው” አላት ዴቅ። “ያንቺም ድርሻ አለበት።”

“የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው።”

“የማን?”

“ስሟን ገና አላውቀውም” አለችና መኪናው ውስጥ ገባች።