ስድስት መቶ ሰሜን

"እኔን የሚያስፈራ መንገድ በዚህ አገር ገና አልተሠራም!" አለች ዴሌኒ፣ ባዶ እግሮቿን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቅላ፣ ካርታውን ጭኗ ላይ እንደ ጋዜጣ ዘርግታ። "የኢንዲያናፖሊስ ቀለበት መንገድ ለእኔ ምኔም አይደለም። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለእማዬ ተብሎ ነው።"

"እግርሽን አውርጂ" አለቻት እናቷ ጆሊን፣ ዓይኗን ከአስፋልቱ ሳትነቅል።

"እማዬ፣ መፍራት እኮ ነውር አይደለም።"

"እግርሽን!"

እግሯ ወረደ። አፏ ግን እንደተሰቀለ ቀረ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። እናትና ልጅ በቀለበት መንገዱ ሲሄዱ ከፊታቸው የነበረ የጭነት መኪና ጎማው ፈነዳና ቁራጩ በአየር ላይ እየተገላበጠ መጥቶ የፊት መስታወታቸውን ሰነጠቀው። ማንም አልተጎዳም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ጆሊን ልጇን ይዛ ቀለበቱ ላይ ወጥታ አታውቅም። ለገበያም ሆነ ለሲኒማ፣ በየመቶ ሜትሩ የትራፊክ መብራት በሚያስቆማቸው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው የሚሄዱት። ዴሌኒም ላገኘችው ሁሉ፣ "ምስኪን እናቴ፣ ከዚያ ወዲህ ነርቯ አልቋል" እያለች ታወራለች።

ለእረፍት ወደ ሚቺጋን ሐይቅ እንሂድ ሲባል ታዲያ ዘላ የተነሳችው እሷ ናት። "የቀለበቱ ሽታ እንኳ ሳይሸትሽ አደርስሻለሁ" ብላ ፎከረች። ጆሊንም ልጇን አየት አድርጋ፣ "እስቲ እናያለን" አለች። "ቀለበቱን ሳንነካ፣ ሱቁም ሳይዘጋ ካደረስሽን ለመንጃ ፈቃድ ፈተናሽ እፈርማለሁ። አለዚያ ለከርሞ።"

የልጅቷ ነገር ሁሉ ይኸው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ የመለማመጃ ፈቃድም አላት። የክፍሏ ልጆች ቁልፍ ጣታቸው ላይ እያሽከረከሩ ትምህርት ቤት ሲገቡ እሷ ግን ዛሬም አፍንጫቸው ከማይጠረግ ሕፃናት ጋር ቢጫውን አውቶቡስ ትጋፋለች። ሱቅ የተባለው ደግሞ የዓሣ ማጥመጃ ትል የሚሸጥበት ነው። የሐይቁ ዳር ጎጆ ቁልፍ ያለው ባለሱቁ ዘንድ ነው፤ ሰውዬው ምሽት አንድ ሰዓት ሲል ይዘጋል፤ ከዘጋ በኋላ የራሱ እናት ብትደውል እንኳ ስልክ አያነሳም ይባላል።

"መንገድ የሚመራንን ስልክ ለምን አጠፋሽው?" አሉ ከኋላ ወንበር አባባ ቨርል። የጆሊን አባት ናቸው፤ በበረዶ ሳጥኑና በተነፋው የዋና ጎማ መካከል እንደ ዕቃ ተጠቅጥቀዋል።

"ስልኩ የሚያውቀው ቀለበቱን ብቻ ነው አባባ። ሰባት ጊዜ ብትጠይቀው ሰባት ጊዜ ቀለበት፣ ቀለበት ይልሃል። ሙሽራ ነው እንዴ?"

አባባ ቨርል ሳቃቸው ከሳንድዊቹ ጋር ትን አላቸው።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ጉዞው እውነትም የፉከራዋን ያህል ነበር። ከተማዋን በሩቁ በስተቀኝ ትተው በትናንሽ መንገዶች ወደ ሰሜን ወጡ። ሻጭ የሌለው የቲማቲም ጠረጴዛ አገኙ፤ ያለው ገንዘብ የሚጨመርበት ጣሳና "ሰርቀህ ከሆነ ቢያንስ ጨው ጨምርበት" የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። አንዲት ከተማ መግቢያ ላይ ቤት የሚያህል የሲሚንቶ እንጆሪ ቆሞ ነበር፤ ዴሌኒ አስቁማ ዞረችው፤ ከኋላው በር አለው፤ በሩ ተቆልፏል። "ውስጡ ምን ይሆን የሚያስቀምጡት?" የሚለው ጥያቄ ለብዙ ማይል አላስተኛትም። ጆሊን "የሣር ማጨጃ" አለች፤ አባባ ቨርል "ከንቲባውን" አሉ። ዴሌኒ እናቷ እንዲህ ስትስቅ ካየቻት ቆይታለች፤ ፊርማውን ከአሁኑ ወረቀቱ ላይ አየችው።

ከምሳ በኋላ ግን አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ መንገዱ በትራክተር ተሞላ። ዘውድ የደፋች ኮረዳ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። ጥቁር መነጽር ያደረገ ፖሊስ በአንድ እጁ የተቀቀለ በቆሎ እየጋጠ በሌላው አስቆማቸው።

"ዝግ ነው። የበቆሎ በዓል ነው።"

"እስከ ስንት ሰዓት?" አለች ዴሌኒ በመስኮት ብቅ ብላ።

"በቆሎው እስኪያልቅ" አለና በአገጩ ወደ እርሻዎቹ ጠቆማቸው።

ከከተማዋ ወጥተው ዞሩ። በካርታው ላይ እነዚህ የእርሻ መንገዶች የሉም። ዴሌኒ ካርታውን ገለበጠችው፣ አዞረችው፣ አንድ ጊዜም ልታሸተው ምንም አልቀራት። ያኔ ነው መገንጠያው ላይ ትንሽ አረንጓዴ ሰሌዳ ያየችው፤ "600 ሰሜን" ይላል።

"ይኸው! ሐይቁ የት ነው? ሰሜን! ይሄስ ምን ይላል? ሰሜን! እማዬ፣ ታጠፊ!"

ጆሊን መኪናውን አቁማ ሰሌዳውን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። የከንፈሯ ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ተጽፎልሽ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ያድርጉልሽ፣ ይዝፈኑልሽ?"

ጆሊን ወደ ቀኝ ታጠፈች።

መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነው። ግራና ቀኝ በቆሎ፣ ከበቆሎው በላይ ሰማይ። ዴሌኒ እግሯን መልሳ ሰቀለች።

"ሰሜን ነው ያልሽኝ?" አሉ ከቆይታ በኋላ አባባ ቨርል።

"ሰሜን።"

"ታዲያ ይቺ የከሰዓት ፀሐይ ምን ሆና ነው ማጅራቴን የምትጠብሰው?"

"ፀሐይም ትሳሳታለች አባባ።"

"እኔ ካወቅኳት ጀምሮ ተሳስታ አታውቅም።"

ቀስ በቀስ በቆሎው ሳሳ። ቤቶች መጡ፤ ቀጥሎ የፍራሽ መሸጫ፤ ከዚያ ሌላ የፍራሽ መሸጫ። ሁለት የነበረው መስመር አራት ሆነ። ከትራፊክ መብራቱ ማዶ ሰማያዊና ቀይ ጋሻ የመሰለው ምልክት ብቅ አለ፤ 465። ቀለበቱ! ከላያቸው፣ በድልድዩ ላይ፣ የጭነት መኪኖች እያጓሩ ያልፋሉ።

ጆሊን መሪውን ጠምዝዛ የፍራሽ መሸጫው በር ላይ አቆመች።

"ስድስት መቶ ሰሜን ማለት ወደ ሰሜን የሚሄድ ማለት አይደለም" አለች ረጋ ብላ። "ከአውራጃው ፍርድ ቤት ስድስት ማይል በሰሜን በኩል ያልፋል ማለት ነው። መንገዱ ራሱ የሚሄደው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። በቀጥታ ወደ ከተማው አመጣሽን።"

ዴሌኒ አፏ ተከፍቶ ቀረ። "አንቺ ታውቂ ነበር?"

"ስምንት መቶ ሰሜን ላይ አይደል እንዴ ያደግኩት? አንቺ ሳትወለጂ በሸጥነው እርሻ።"

"አባባ! አንተም?"

"እኔማ ፀሐይዋን ልኬብሽ ነበር፤ አልሰማሽ አልሽ" አሉ አባባ ቨርል።

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"የት እንደምታደርሺን ለማየት ጓጓሁ" አለች ጆሊን። "አሁን ምርጫው የአንቺ ነው። ወደ በቆሎው ተመልሰን መዞር እንችላለን፤ ግን ሱቁ ይዘጋና መኪና ውስጥ እናድራለን። ወይ ደግሞ እዚህ ቀለበቱ ላይ ወጥተን ሁለት መውጫ ብቻ እንሄዳለን፤ ከዚያ የሐይቁን መንገድ እንይዛለን። በየትኛውም ቢሆን ውላችን ፈርሷል።"

"አንቺ ግን እንዴት ትወጪያለሽ? ነርቭሽ..."

"የእኔ ነርቭ?" ጆሊን ወደ ልጇ ዞረች። የምትሠራበት የጥርስ ሐኪም ቤት ሁለት ቅርንጫፍ አለው፤ ሐሙስ ሐሙስ ተራዋ የሰሜኑ ነው። "ሐሙስ ሐሙስ በምን የምሄድ ይመስልሻል?"

"በውስጥ ለውስጥ። ለዚያ አይደል ማልደሽ የምትወጪው?"

"የምማልደው ትኩስ ዶናት እንዳያልቅብኝ ነው። የምሄደው በቀለበቱ ነው። እየዘፈንኩ።"

ዴሌኒ ቀና ብላ ድልድዩን አየችው።

"መስታወቱ ሲሰነጠቅ የጮህሽው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ" አለች እናቷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ከዚያ ወዲህ ያንን ምልክት ባየሽ ቁጥር የበሩን እጀታ ትጨብጫለሽ። እኔን ፈሪ ማለቱ ካቀለለልሽ ብዬ ተውኩሽ። አሁንም ይዘሽዋል።"

ዴሌኒ እጇን ቁልቁል አየችው። እውነትም ይዛዋለች፤ ጣቶቿ ደም አልቆባቸው ነጥተዋል። መቼ እንደያዘችው አታውቅም። አንድ ዓመት ሙሉ የእናቷን ፍርሃት በየጓደኛው ቤት እያዞረች ስታወራ፣ ለካ የራሷን ነው ስታዞር የኖረችው! ልትቀልድ ፈለገች፤ አልመጣላትም። ከላይ አንድ የጭነት መኪና አለፈና የፍራሽ ቤቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ጆሊን እጇን ማርሹ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

"ውጪበት" አለች ዴሌኒ በመጨረሻ።

"ምን አልሽ?"

"ቀለበቱ ላይ ውጪ አልኩ! ደንቁረሻል እንዴ?"

የአቅጣጫ መብራቱ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። መኪናው ሽቅብ ወጣ። ሞተሩ አጓራ። ከዚያ አንድ ትልቅ ነገር በግራ በኩል እየነጎደ አለፈ፤ ንፋሱ መኪናቸውን ገፋ አደረገው። ሌላም አለፈ። ካርታው ጭኗ ላይ ተርገበገበ። እናቷ ዘፈን ታንጎራጉራለች፤ ቅኝቷ ተበላሽቷል፣ ግን አላቋረጠችም። ዴሌኒ አልጮኸችም። ትንፋሿን ቆጠረች፤ ቁጥሩ ሲጠፋባት እንደገና ጀመረች። ቆይቶ ጩኸቱ እየራቀ መጣ፤ ጎማዎቹ ረገብ አሉ፤ በመስኮቱ የታጨደ ሣር ሽታ ገባ።

በረጅሙ ተነፈሰች። ትከሻዋ ወረደ፤ አፏም ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ።

"አያችሁ? ቁጭ ብዬ አለፍኩት! ቀለበት ቀለበት የምትሉት ይሄንን ነው? ትንፍሽ ብያለሁ? በይ እማዬ፣ በዚህ ወኔ እንኳን ፈተናው፣ ፈቃዱ ራሱ ይገባኛል። ትፈርሚልኛለሽ አይደል?"

"መጀመሪያ ዓይንሽን ግለጪ" አሏት አባባ ቨርል፤ "ከቀለበቱ ከወጣን ቆየን።"