የመጀመሪያው ቁራሽ የእትዬ ነው

እትዬ በሕይወት ሳለች፣ እሷ ሳትቀምሰው ከቤታችን የወጣ ኬክ አልነበረም። ኬክ ቤቱን የከፈተችው እሷ ናት፤ እኔና ወንድሜ በእሷ እጅ ያደግን ታናናሾቿ ነን። ከሞተች በኋላ ወንድሜ አንድ አመል አመጣ። ከጋገርነው ኬክ ሁሉ የመጀመሪያውን ቁራሽ በእሷ ሳህን አድርጎ፣ ከኋላ ክፍል መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። "የእትዬ ድርሻ ነው" ይላል። ይሄን ወንድሜን ቤተሰቡ በሙሉ "ዝምታ" ነው የሚለው፤ አፉ ስለማያርፍ።

እኔ በዚህ ነገር እርር ድብን እላለሁ። "ለአይጥ ድግስ ከመደገስ አርፈህ አትሠራም?" እለዋለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር ሳህኑ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ነው የሚገኘው። አይጥ ቢሆን እኮ ፍርፋሪ ይተው ነበር። ይሄ ግን የታጠበ ነው የሚመስለው። ዝምታ እኔን ይጠረጥራል፣ እኔ እሱን እጠረጥራለሁ፤ እንደዚያ ተቻችለን ኖርን።

አንድ ቀን አንዲት የከሳች ሴት ገባች። የልጇ ልደት ደርሷል። ልጅቷ፣ እናቷ "ሚጣ" ነው የምትላት፣ አለርጂ አለባት፤ ኦቾሎኒ የነካው ነገር ከቀመሰች ጉሮሮዋ ይዘጋል።

"የሄድኩበት ኬክ ቤት ሁሉ ኃላፊነት አንወስድም አለኝ" አለችኝ። "እስከ ዛሬ ሻማ የምተክልላት ሐብሐብ ላይ ነው። ዘንድሮ የክፍሏ ልጆች ይመጣሉ። እነሱ የሚበሉትን እሷም ብትበላልኝ ብዬ ነው።"

አንጀቴን በላችው። "እህቴ፣ አልደብቅሽም፣ እኛም የኦቾሎኒ ብስኩት እንሠራለን" አልኳት። "ለልጅሽ ስንል ግን እናቆማለን። ቤቱን አገላብጠን እናጥበዋለን።"

የምሬን ነበር። ብስኩቱንም ኦቾሎኒውንም ከነጆንያው ከቤት አስወጣን። ጠረጴዛውን፣ ኦቨኑን፣ ግድግዳውን ሳይቀር ፈተግነው። ሽርጦቻችንን ቀቀልናቸው። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ቅቤው፣ መምቻው፣ መጋገሪያው ሁሉ አዲስ ተገዛ። ዝምታ ቆዳው እስኪላጥ እጁን ሲታጠብ "አንተ፣ ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው እንዴ?" ብዬ አሾፍኩበት።

በልደቱ ቀን ጠዋት ኬኩ ወጣ። ሲያዩት ያምራል። ዝምታ ከላዩ የስኳር ዱቄት ነፋበት፤ ከዚያው ሊጥ ለእትዬ የጋገራትን ትንሽዬ ኬክም እንደዚያው አድርጎ ሳህኗ ላይ አኖራት።

ኦቨኑን አጥፍቼ ወደ ኋላ ክፍል ስገባ ኬኳ እንዳለች ናት። እንዳለች እንኳ አይደለችም፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ተገፍታለች። እትዬ ያልወደደችውን ነገር እንዲህ ነበር በእጇ ጀርባ ገፋ የምታደርገው። ዝምታ ከኋላዬ መጥቶ አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

"አልበላችም" አለ።

"ጠግባ ይሆናላ!"

"እባክሽ ኬኩን አትስጪያቸው።"

"አብደሃል? እናትየዋ ልትደርስ ነው! ምን ልበላት? የሞተች እህታችን አልጣማትም ልበላት?"

ያ ሁሉ ወሬኛ ጭጭ ሲል ነው እኔም ውስጤ የተረበሸው። ቢሆንም በንዴት ኬኳን ወደ ሳህኑ መሃል መለስኳትና የኬኩን ካርቶን ለማንሳት ዞር አልኩ። ኮሽ ያለ ነገር የለም። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ዝምታ በሩ ላይ ራሱን ይዞ ቆሟል። ተመልሼ ሳይ ሳህኑ በአፉ ተደፍቷል፤ ኬኳ ከሥሩ ናት።

ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እኔ ደግሞ ስፈራ ቁጣ ነው የሚቀድመኝ።

"እሺ! እሺ እትዬ! ሞተሽም ታዢናለሽ!" ብዬ ጮህኩ።

ኬኩ የነካውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ ማየት ጀመርን። ሁሉም አዲስ ነው። ሁሉም ንጹሕ ነው። በመጨረሻ እጄ ወንፊቱ ላይ አረፈ። እሱ ብቻ ነው የድሮ፤ ክፈፉ እንጨት ነው። አጥበን ፀሐይ ላይ አድርቀነው ስለነበር አዲስ መግዛቱ ትዝም አላለን። በጥቁር ትሪ ላይ ይዤ ክፈፉን በቡጢ መታሁት። ሽቦው ከእንጨቱ ከሚገባበት ስንጥቅ ቡናማ ዱቄት ረገፈ። አሸተትኩት።

ዝምታ የተፈጨውን ኦቾሎኒ ለብስኩት የሚነፋው በዚሁ ወንፊት ነበር።

ኬኩን በሙሉ ጣልነው። ለእናትየዋ ደውዬ አመሻሹ ላይ እንድትመጣ ለመንኳት። ጠረጴዛውን እንደገና ፈተግን፣ እንደገና ታጠብን፣ አዲስ ከረጢት ዱቄት ከፍተን እንደገና ጋገርን። በዚህኛው ላይ ምንም አልነፋንበትም። የእትዬን ድርሻ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሳህኑን ከዐይኔ እንዳላጣው ተገትሬ ቆምኩ፤ ዝምታ ከፊተኛው ክፍል ሲጠራኝ ለቅጽበት ብቻ ዘወር አልኩ። ተመልሼ ሳይ ባዶ ነው። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ።

እናትየዋ ሚጣን በእጇ ይዛ መጣች። ስለ ሳህኑ አልነገርኳትም፤ ስለ ወንፊቱ ግን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ልጇን ይዛ ልትወጣ ስትል ሚጣ ኬኩን አየችው። እናትየዋ ቆመች። መጀመሪያ አዲሱን ኬክ በምን በምን እንደሠራነው አስዘርዝራ ጠየቀችኝ። "እንግዲያው ቤት ሄዳ ከምትቀምሰው እዚሁ አጠገቤ ትቅመስ" አለችና ከቦርሳዋ እስክሪብቶ የመሰለ ቢጫ ነገር አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

ሚጣ ቀመሰች። እናትየዋ ዐይኗን ከልጅቷ ከንፈር አልነቀለችም፤ እኛም ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን።

"ሲጀምራት እንዴት ነው የሚያደርጋት?" አለ ዝምታ፣ ዝም ማለት አቅቶት።

"አፌን በላኝ ትላለች መጀመሪያ። ከንፈሯ ያብጣል። ከዚያ ድምፅዋ ይጎረንናል፣ መስኮት ክፈቱልኝ ትላለች።"

እኔና ዝምታ ተያየን።

እትዬ ኦቾሎኒ ሲቀርብላት "አፌን ይበላኛል" ትል ነበር፤ እኛም "አቤት ቅምጥልነት!" እያልን እንስቅባት ነበር። የሞተች ጠዋት ኦቾሎኒ አልበላችም። በዚያው ወንፊት ስኳር የተነፋበት ተራ ኬክ ነው እንደወትሮዋ የቀመሰችው። ድምፅዋ ጎረነነ። "መስኮት ክፈቱልኝ" አለች፤ ያለውን መስኮት ሁሉ ከፈትንላት። አንገቷን እንደያዘች ሊጥ ማቡኪያው ሥር ወደቀች። ሐኪሙ ልቧ ነው አለን፣ እኛም ልቧ ነው ብለን ቀበርናት። የኦቾሎኒ ብስኩት መሥራት የጀመርነው በዚያው ሰሞን፣ ከመሞቷ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነበር።

ዝምታ ቢጫውን ነገር በጣቱ አሳየና "ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"መርፌ ነው። እንደጀመራት ቶሎ ጭኗን ስወጋት መተንፈስ ትጀምራለች። ከዚያ ሐኪም ቤት ይዣት እሮጣለሁ።"

"ይቺ ትንሽ መርፌ?"

"አዎ፣ ይቺ።"

ሚጣ ምንም አልሆነችም። ጣቷን ላሰችና "ልድገም?" አለች። እናትየዋ እንባዋ እየወረደ በእሺታ ራሷን ነቀነቀችላት። ዝምታ ሊቆርስላት ቢላዋውን አነሳና ወደ እኔ ዘረጋው። ተቀብዬው እኔ ቆረስኩላት።