የሃያ አራት መሃላ ጾም

ባሌ ቲጃኒ ምግብ አቁሟል ብለው ሲደውሉልኝ ጅማ መርካቶ ሱቄ ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ ነበር። ሳቄ መጣ። ቲጃኒ የሚወደው ሁለት ነገር ነው፤ ቤቲንግና ሆዱን። ቤቲንጉን እንዲያስተዉት ሊሙ ገነት ያለ ማገገሚያ ካስገባሁት ገና ሳምንቱ ነው፤ ጭራሽ ሁለቱንም ተወ?

ስሸኘው "አርባ አምስት ቀንህን ጨርሰህ ሰርተፍኬት ሳትይዝ በሬን እንዳታንኳኳ" ብዬዋለሁ። የምሬን ነበር። አለዚያ ልጆቼን ይዤ ሸቤ ያለችው እናቴ ጋ ልገባ ቆርጫለሁ።

ምሳ ቋጥሬ ማገገሚያው ስደርስ አማካሪያቸው መቅዲ በር ላይ ጠበቀችኝ። ጅማ ልትማር መጥታ እዚሁ የቀረች ልጅ ናት።

"እትዬ ለጢፋ፣ ድብርት ይመስለኛል" አለችኝ።

የምን ድብርት! ሰውዬው ግራቪላ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ፀሐይዋ የምትጠልቅበትን ሰዓት ያሰላል።

"ከፋራ ነው፤ የመሃላዬን ዕዳ እየከፈልኩ" አለኝ። "ወላሂ አልቆምርም እያልኩ ስንቴ አፈረስኩ? ሼኹን ጠየቅኳቸው። አሥር ድሃ አብላ፣ ካቃተህ ለእያንዳንዱ መሃላ ሦስት ቀን ጹም አሉኝ። አሥራ አምስት መሃላ፣ አርባ አምስት ቀን።"

"የምን አሥራ አምስት? ሃያ አራት ነው!" አልኩት። የማለው ለእኔ አይደል! በየመሃላው ምን ለብሶ እንደነበር ሳይቀር አስታውሳለሁ።

በጣቱ ቆጥሮ ፊቱ ጠቆረ። "ሰባ ሁለት ቀን?"

"አላህ ይርዳህ" ብዬ ምሳውን ለመቅዲ ሰጥቼ ተመለስኩ።

የመመረቂያቸው ቀን ደረሰ። ደንቡ ነው፤ እያንዳንዱ በቤተሰቡ ፊት ቆሞ ሁለተኛ አልቆምርም ብሎ ይምልና ሰርተፍኬቱን ይወስዳል። አንዱ በእናቱ፣ ሌላው በልጆቹ እየማለ ተቀበለ። የቲጃኒ ተራ ሲደርስ ወጥቶ እጁን አጣምሮ ቆመ።

"ይማሉ እንጂ ጋሽ ቲጃኒ" አለች መቅዲ።

"አልምልም።"

"ያለ መሃላ ሰርተፍኬት የለም እኮ!"

"እህቴ፣ የአሥር መሃላ ጾም ገና አለብኝ። እንዳልቆምር እታገላለሁ። መማሉን ግን አልችልም።"

አዳራሹ አጉረመረመ። ቲጃኒን ላብ አጥምቆታል፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቀው ምሎ ሲገዘት የኖረ ሰው፣ ዛሬ ተለምኖ እምቢ አለ። አመንኩት። ካገባሁት ጀምሮ እንደዚያ ቀን አምኜው አላውቅም።

ቦርሳውን አነሣሁ። "ኮቱ፣ ና በቃ፣ ቤታችን እንሂድ።"

"ያለ ሰርተፍኬት?"

"ለማሉት ይስጧቸው" አልኩት።